የተራቆተ ተዳፋትን በጋራ ማልማት፦ ከካቡ በፊት የሣሩን ክፍፍል መጻፍ

ከጎንደር ተነሥቶ በአምባ ጊዮርጊስ በኩል ወደ ዳባት የሚወስደውን መንገድ በሐምሌ ወር የሚጓዝ ሰው ከየሸንተረሩ ሥር እንደ አተላ የደፈረሰ ጎርፍ ሲወርድ ይመለከታል። ከዚህ አፈር ከፊሉ በመገጭ ወንዝ ደምቢያን አቋርጦ ጣና ሐይቅ ይገባል፤ ከፊሉ ደግሞ የጎንደር ከተማ የመጠጥ ውሃ በሚጠራቀምበት በአንገረብ ግድብ ውስጥ ደለል ሆኖ ይቀራል። ከ2004 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በጣና ላይ የተስፋፋው እንቦጭም አንዱ መኖው ከየማሳው ታጥቦ የሚገባው ለም አፈር ነው። ስዊዘርላንዳዊው ተመራማሪ ሃንስ ሁርኒ በኢትዮጵያ ከሚታረስ መሬት ላይ በዓመት በአማካይ በሄክታር 42 ቶን አፈር እንደሚታጠብ ገምተዋል። ይህ መጠን በማሳው ላይ እኩል ቢነሣ ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ውፍረት ስለሚኖረው በአንድ ዓመት በዓይን አይታወቅም፤ አባት ያረሰውን መሬት ልጅ ተረክቦ ሲያርሰው ግን ማረሻው ድንጋይ መምታት ይጀምራል።

ይህ መመሪያ የተጻፈው በጎጥና በቀበሌ ደረጃ የተራቆተ የወል ተዳፋትን ከልለው ለማልማት ለሚነሡ ኮሚቴዎች፣ ለእድር ዳኞችና ለልማት ጣቢያ ባለሙያዎች ነው። የእርከንና የክትር (በቦረቦር ውስጥ ጎርፍ ለመግታት የሚሠራ ካብ) አሠራር በውስጡ ቢኖርም በቅድሚያ የሚነገረው ስለ ሣር ክፍፍል ነው፤ ምክንያቱም መሬቱ ሲከለከል ማን ምን እንደሚያጣና ማን ምን እንደሚያገኝ አስቀድሞ ካልተጻፈ ድንጋዩ የቱንም ያህል ቢካብ አይቆምም።

ይህን የተማርኩት በስህተት ነው። ወጣት ባለሙያ ሳለሁ በአንድ ጎጥ ሕዝቡን አስተባብረን በጥር እርከን ሠራን፣ በሐምሌ ችግኝ ተከልን፣ በመስከረም መጨረሻም ሣሩ ከጉልበት በላይ ደረሰ። ሣሩን ማን፣ መቼና ስንት እንደሚያጭድ ግን አንድም መስመር አልጻፍንም ነበር። በጥቅምት አንድ ሌሊት ከብት ተለቀቀበት፤ አንዱ ሲለቅ ሌላውም ለቀቀ፤ በሁለት ሳምንት ውስጥ ካቡ ፈረሰ፣ ችግኙም ተረገጠ። ጥፋተኛ ለመፈለግ በተጠራው ስብሰባ ላይ አንዲት ባላቸው የሞተባቸው እናት ተነሥተው «እናንተ ለዛፉ አዘናችሁ፤ የኔን ላም ክረምቱን ምን ትብላ ብላችሁ ነበር?» ሲሉ ጠየቁ። ከመካከላችን መልስ ያለው ሰው አልነበረም።

ቦታውን መምረጥና ባለቤቶቹን ማወቅ

በትንሹ መጀመር ይመከራል። ከ10 እስከ 15 ሄክታር ስፋት ያለውና ተጠቃሚዎቹ በስም የሚታወቁ አንድ ተዳፋት ለመጀመሪያው ዓመት በቂ ነው። የመጀመሪያው ጉብኝት ከሽማግሌዎች ጋር ብቻ መሆን የለበትም፤ ከእረኞችና ማገዶ ከሚለቅሙ ሴቶች ጋርም መዞር ያስፈልጋል። ሽማግሌው ቀድሞ ደን የነበረበትንና የደረቀውን ምንጭ ያሳያል፤ እረኛው ከብት የሚወርድበትን ዱካ ያውቃል፤ ሴቲቱ ደግሞ ቦታው ቢዘጋ ለማገዶ ስንት ሰዓት ተጨማሪ መንገድ እንደምትሄድ ትናገራለች። ሦስቱም በአንድ ቀን፣ በዚያው ቦታ ላይ ቢነጋገሩ መልካም ነው።

የቦታው ሕጋዊ ሁኔታ በቀበሌው የመሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ኮሚቴ መዝገብ ይጣራ። በአማራ ክልል የገጠር መሬት አስተዳደርና አጠቃቀም ጉዳይ በአዋጅ ቁጥር 252/2009 የተደነገገ ሲሆን፣ የወል መሬቱ ወሰን ተለክቶ በማረጋገጫ ደብተር ላይ እስኪሰፍር ድረስ ሥራ ባይጀመር ይሻላል፤ ያልተካለለ የወል መሬት ሲለማ በዳር ያለው አራሽ በየዓመቱ አንድ ፈር እየጨመረ መግባቱ የተለመደ ነውና። በ1997 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራል አዋጅ ቁጥር 456 ተዳፋትነቱ ከ60 በመቶ በላይ የሆነ መሬት ለእርሻና ለልቅ ግጦሽ እንዳይውልና ለዛፍ፣ ለቋሚ ተክልና ለመኖ ልማት ብቻ እንዲውል ደንግጎ ነበር። ተዳፋትነትን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፦ 1 ሜትር ርዝመት ያለው ቀጥ ያለ እንጨት አንዱ ጫፉ ከላይ በኩል መሬቱን ነክቶ በአግድም ይያዝ፤ ከታችኛው ጫፍ እስከ መሬቱ ያለው ከፍታ በሳንቲ ሜትር ሲለካ የሚገኘው ቁጥር ራሱ የተዳፋቱ መቶኛ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ከሆነ 60 በመቶ ማለት ነው።

የሣሩ ሒሳብና የመተዳደሪያ ደንቡ

ቦታው ከመከለሉ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ፣ በሰኔ መግቢያ ላይ፣ ከተዳፋቱ መካከል 5 በ5 ሜትር የሆነ ቦታ በእሾህ ይታጠር። በጥቅምት ሣሩ ሲደርስ በአጥሩ ውስጥ ሦስትና አራት ቦታ ላይ አንድ አንድ ካሬ ሜትር እየታጨደ፣ ሣሩ በጥላ ሥር ደርቆ ይመዘን። አማካዩ 200 ግራም ቢሆን ከአንድ ሄክታር 2 ቶን ደረቅ ሣር ይጠበቃል ማለት ነው። ቦታው 12 ሄክታር ከሆነ 24 ቶን ይሆናል፤ ሩቡ ለዘርና ለመሬቱ ልብስ ቢተው 18 ቶን ይቀራል፤ አንድ ሸክም 20 ኪሎ ቢሆን 900 ሸክም ነው። የተጠቃሚው ብዛት 90 አባወራና እማወራ ከሆነ ለእያንዳንዱ 10 ሸክም ይደርሳል።

ይህ ሒሳብ በስብሰባው ላይ፣ ሁሉም እያየ፣ በጠጠርም ይሁን በሰሌዳ መሠራት አለበት። ቀጥሎ የሚመጣው እውነትም ሳይደበቅ ይነገር፦ 250 ኪሎ የምትመዝን ላም በቀን ወደ 6 ኪሎ ደረቅ መኖ ስለምትፈልግ 10 ሸክም ሣር የሚያቆያት አንድ ወር ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ የተከለለው ቦታ ብቻውን ከብቱን እንደማይቀልብ፣ ቀሪው ከጭድ፣ ከጓሮ መኖና በእርከን ላይ ከሚተከል ሣር መምጣት እንዳለበት፣ ምናልባትም የከብቱን ቁጥር መቀነስ ግድ እንደሚሆን ከመጀመሪያው ቀን ይታወቃል። ሰው ያልተነገረውን ጉድለት በኋላ ሲያገኘው እንደ ክህደት ይቆጥረዋል፤ አስቀድሞ የተነገረውን ግን ይዘጋጅበታል። በእኛ አካባቢ ክፉው ጊዜ በተለይ ከሰኔ እስከ መስከረም ያለው ነው፤ ማሳው ሁሉ በሰብል ስለሚሸፈን ከብቱ የሚሰማራው በዚሁ በተራቆተው ተዳፋት ላይ ነበርና። በመጀመሪያው ክረምት የሚዘጋው የቦታው ግማሽ ብቻ ቢሆንና ሌላው ግማሽ በቀጣዩ ዓመት ቢከተል ብዙ ጠብ ይቀራል።

ሣርን በደንብ መጠበቅ ለአገራችን እንግዳ አይደለም። በሰሜን ሸዋ፣ በመንዝ የሚገኘው የጓሳ መሬት ቄሮ በሚባል አገር በቀል ሥርዓት 400 ዓመት ለሚሆን ጊዜ ተጠብቆ ኖሯል፤ መሬቱ ለተወሰኑ ዓመታት ተዘግቶ ጓሳ የሚባለው ሣር ለቤት ክዳን ሲደርስ በመሪዎቹ ውሳኔ ይከፈት ነበር። የሚዘጋውም የሚከፍተውም ተጠቃሚው ራሱ መሆኑ ከዚህ ሥርዓት ሊወሰድ የሚገባው ዋና ነገር ይመስለኛል።

በደንቡ ውስጥ በግልጽ መስፈር ያለባቸው ጉዳዮች ጥቂት ቢሆኑም አንዳቸውም መዘለል የለባቸውም። የተጠቃሚዎች ስም ዝርዝር ይጻፍ፤ አቅመ ደካሞች፣ አካል ጉዳተኞችና እመጫቶች በጉልበት ሥራው ባይሳተፉም ድርሻቸው እንደማይቀነስ ይገለጽ። የአጨዳው ቀን የሚወሰነው በማን እንደሆነና በየት እንደሚነገር ይታወቅ፤ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ በደጀ ሰላሙ መናገር ለብዙው ሰው ይደርሳል። ቅጣቱ ደረጃ ይኑረው፦ መጀመሪያ ምክር፣ ቀጥሎ በከብት ቁጥር የሚታሰብ ገንዘብ፣ ከዚያም የዓመቱን የሣር ድርሻ ማጣት። ጥፋተኛው የኮሚቴ አባል ከሆነ ቅጣቱ እጥፍ ቢሆን ደንቡ ክብር ያገኛል። የጥበቃው ደመወዝ በሣር ይሁን በእህል፣ ከማን እንደሚሰበሰብም ይጻፍ። እድሩ አስቀድሞ የታወቀ የቅጣት ሥርዓት ስላለው አዲስ አካል ከማቋቋም ይልቅ ደንቡን በእድሩ በኩል ማስፈጸም ብዙ ጊዜ ይቀላል፤ ድንበርተኛ ጎጦችም ተጠርተው መፈረም አለባቸው፤ ከዚህ የተባረረ ከብት ወደ እነርሱ ግጦሽ መሄዱ አይቀርምና። ደንቡ ከተፈረመ በኋላ አንዱ ቅጂ በእድሩ፣ አንዱ በቀበሌው፣ አንዱ በወረዳው የመሬት ጽሕፈት ቤት ይቀመጥ።

ከላይ ወደ ታች፦ እርከንና ክትር

የድንጋዩ ሥራ አዝመራ ተሰብስቦና ጥምቀት አልፎ፣ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት መጨረሻ ባለው ጊዜ ይሠራል። ሁልጊዜም ከተራራው አናት ይጀመር። ከታች የተሠራ እርከን ከላይ የሚመጣውን ጎርፍ ሁሉ ብቻውን ስለሚሸከም በመጀመሪያው የሐምሌ ዶፍ ይደረመሳል።

መስመሩ በዓይን ግምት ፈጽሞ አይውጣ። ቁመታቸው እኩል በሆነ ሁለት እንጨቶች ላይ የ10 ሜትር ሲባጎ በእኩል ከፍታ ይታሰር፤ በሲባጎው መሐል ለመሐል ትንሽ ውሃ ልክ ይንጠልጠል። አንዱ ሰው እንጨቱን በመነሻው ችካል አጠገብ ያቆማል፤ ሁለተኛው ሲባጎውን ወጥሮ ወደ ላይና ወደ ታች ይንቀሳቀሳል፤ ሦስተኛው የውሃ ልኩን አረፋ እየተመለከተ ይመራዋል። አረፋው መሐል ሲገባ ሁለተኛው የቆመበት ቦታ ላይ ችካል ይተከላል፤ ከዚያም መነሻው ያ ችካል ይሆናል። ብዙ ጊዜ የሚፈጠረው ስህተት ከሁለት ነገሮች ይመጣል፦ ሲባጎው ላልቶ ሲወርድ፣ ወይም እንጨቱ ጉድጓድ ውስጥ ወይም ጉብታ ላይ ሲቆም። በሰፈሩ ካሉ ሴቶችና ወጣቶች ስድስት ያህሉ ይህን በአንድ ቀን ልምምድ ይችሉታል፤ ከዚያ በኋላ ባለሙያ እስኪመጣ መጠበቅ አያስፈልግም።

ቀላልና ውሃ የሚያሰርግ አፈር ባለበት እርከኑ ፍጹም ደልዳላ ይሁን። በዋልካ መሬትና ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ግን ውሃው ከእርከኑ ጀርባ ተኝቶ ሰብሉን ያቢጫል ወይም እርከኑን ያፈርሳል፤ ስለዚህ በየ10 ሜትሩ ከ5 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ዝቅ እያለ እንዲሄድ ይደረግ። ይህ የሚሠራው እርከኑ የሚያልቅበት ቦታ ላይ ሣር የለበሰ የጎርፍ መውረጃ ቦይ አስቀድሞ ከተዘጋጀ ብቻ ነው። ቦይ ሳይኖር ውሃን ወደ ጎረቤት ማሳ ጠርዝ የሚመራ እርከን በሁለት ክረምት አዲስ ቦረቦር ይፈጥራል፤ ጠቡም ወደ ፍርድ ቤት ያደርሳል።

በእርከኖቹ መካከል ያለው ርቀት በከፍታ ልዩነት ይወሰናል። የ1 ሜትር ከፍታ ልዩነት ከተወሰደ 10 በመቶ ተዳፋት ባለው ማሳ ላይ በየ10 ሜትሩ አንድ እርከን ይወጣል። ለሣርና ለደን በሚተው ገደላማ ቦታ ላይ ደግሞ ርዝመታቸው 3 ሜትር፣ ወርዳቸውና ጥልቀታቸው ግማሽ ግማሽ ሜትር የሆኑ ትሬንቾች እንደ ጡብ አደራደር እየተፈራረቁ ይቆፈሩ። አንዱ ትሬንች ሲሞላ 750 ሊትር ያህል ውሃ ይይዛል፤ በታቹ በኩል የተደለደለው አፈር ላይ የሚተከል ችግኝ ከሌላው ይልቅ በጋውን የመሻገር ዕድል አለው።

ካቡ የሚካበው መሠረቱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ነው። ትልልቁ ድንጋይ ከታች ይሁን፤ እያንዳንዱ ድንጋይ ወደ ተራራው በኩል ዘመም ብሎ ይቀመጥ፤ የላይኛው ድንጋይ በታችኞቹ ሁለት ድንጋዮች መጋጠሚያ ላይ ይረፍ። አንድ ሰው ቆሞበት የማይወዛወዝ ከሆነ ካቡ ደህና ነው። በየጎጡ ካብ የሚያውቁ አረጋውያን አሉ፤ እነርሱን በየቡድኑ መድቦ ወጣቶቹን እንዲያስተምሩ ማድረግ ከማንኛውም ሥልጠና ይበልጣል።

ቦረቦር የራሱ ሕግ አለው። መጀመሪያ ወደ ቦረቦሩ አናት የሚገባው ጎርፍ በመቀልበሻ ቦይ ይዞር፤ ቀጥ ብሎ የተናደው ግድግዳም ተንዶ ዘመም ይበል። ከዚያ በኋላ ክትር ይሠራ። የታችኛው ክትር አናት ከላይኛው ክትር እግር ጋር እኩል ከፍታ ላይ መሆን አለበት፤ የቦረቦሩ ወለል 10 በመቶ ተዳፋትነት ካለውና ክትሩ 1 ሜትር ከሆነ በየ10 ሜትሩ አንድ ክትር ያስፈልጋል ማለት ነው። ክትሩ በግራና በቀኝ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ወደ ግድግዳው ገብቶ ይቀበር፤ መሐሉ ከዳሮቹ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ውሃ ማስተንፈሻ ይሁን፤ ውሃው የሚወድቅበት ቦታም በድንጋይ ይነጠፍ። የፈረሱ ክትሮችን እየዞርኩ ሳይ አብዛኞቹን ያፈረሳቸው ውሃው በመሐል ማለፍ ሲገባው በጎን መዞሩ ነው። በክትሩ ጀርባ ደለል ሲጠራቀም በዚያው ክረምት ደሾ ሣር፣ የዝሆን ሣር ወይም ሰስባንያ የሚባለው የመኖ ዛፍ ይተከልበት፤ በቦረቦር ውስጥ የተጠራቀመ ደለል ከማሳው ይልቅ ለም ስለሆነ በሁለተኛው ዓመት ከፍተኛውን መኖ የሚሰጠው እርሱ ነው።

ምን ይተከል፣ ምንስ ይተው

ብዙውን ጊዜ መሬቱ ራሱ ይመልሳል። ከብት በተከለከለ በሁለት ዓመት ውስጥ ክትክታ፣ አጋምና እምቧጮ ያለማንም ተከላ ይበቅላሉ። እነዚህን ቁጥቋጦዎች መንጥሮ ችግኝ መትከል ትልቅ ጥፋት ነው፤ የወይራ ችግኝ በእነርሱ ጥላ ሥር ሲተከል ከፀሐይም ከከብት አፍም ይጠበቃልና። ወፎች ከቤተ ክርስቲያን ደን ፍሬ በልተው የሚያርፉትም በእነርሱ ላይ ነው። ለዚህም ነው ከአንድ የቆየ ደብር ደን አጠገብ ያለ ተዳፋት ከሌላው ቀድሞ የሚያገግመው። በጎንደሩ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቅጥር ግቢ የቆሙትን ጥዶች ያየ ሰው አካባቢው ምን ዓይነት ዛፍ ሊሸከም እንደሚችል ይረዳል። የዘር ለቀማው ከደብሩ አስተዳዳሪ ፈቃድ ጠይቆ ይሁን።

ለደጋው ኮሶ፣ ጥድና ወይራ፣ ለወይና ደጋው ዋንዛ፣ ብሳናና ግራር ይስማማሉ። ጉድጓዱ ከዝናብ በፊት 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ተቆፍሮ ይክረም፤ ችግኙ ግን መሬቱ በደንብ ከረሰረሰ በኋላ፣ ከሐምሌ መጀመሪያ አንሥቶ ይተከል፤ የፕላስቲክ ከረጢቱም ተቀዶ ይውጣ። ባሕር ዛፍን በተመለከተ የገበሬውን ፍላጎት መናቅ አይገባም፤ ለብዙ ቤት የቁርጥ ቀን ገንዘብ እርሱ ነው። ከምንጭ፣ ከወንዝ ዳርና ከማሳ ርቆ ለብቻው በተለየ ቦታ ይሁን እንጂ ከሚያገግም ተዳፋት ጋር አይቀላቀል።

ከተከለለው ቦታ የሚገኝ ገቢ

ሣሩ ቀዳሚው ጥቅም ነው። በመጀመሪያው ዓመት ዘሩ እስኪረግፍ ጠብቆ በኅዳር ማጨድ መሬቱን ያለብሳል፤ ከሁለተኛው ዓመት ወዲህ ግን ሣሩ ሳይገረጅፍ፣ ከጥቅምት አጋማሽ ጀምሮ ቢታጨድ ለከብቱ የተሻለ ምግብ ይሆናል። በዚህ መኖ ሁለትና ሦስት በግ ለሦስት ወር ቀልቦ ለፋሲካ ገበያ ማድረስ ለእማወራዎች የተሻለ ሥራ ነው፤ ብዙ መነሻ ገንዘብ አይጠይቅምና።

መሬት የሌላቸው ወጣቶች ድርሻቸው በአብዛኛው ንብ ማነብ ቢሆን ይመረጣል፤ ንብ ሣሩን አትሻማም፣ ዛፉንም አትቆርጥም፣ ጠባቂዎቹም ወጣቶቹ ራሳቸው ይሆናሉ። አደይ አበባና መች ከመስከረም ጀምሮ ስለሚያብቡ ዋናው የማር ቆረጣ በጥቅምትና በኅዳር ነው። ባህላዊ ቀፎ በዓመት በአማካይ ከ5 እስከ 8 ኪሎ ማር ሲሰጥ፣ በሚገባ የተያዘ ባለ ፍሬም ቀፎ 15 እና 20 ኪሎ ሊሰጥ ይችላል። ነገር ግን በመጀመሪያው ዓመት በርካታ ዘመናዊ ቀፎ በብድር ከማምጣት ይልቅ በአምስትና በስድስት ቀፎ መጀመር ይሻላል፤ አበባው ገና አልበዛምና። ቀፎው ከመተላለፊያ መንገድ ይራቅ፤ እግሮቹ ሥር ለጉንዳን መከላከያ አመድ ይነስነስ፤ በበጋ ውሃ በቅርብ ይቅረብ። ወጣቶቹ ቦታውን የሚጠቀሙት በስንት ዓመት ውል እንደሆነና ለእድሩ ምን እንደሚከፍሉ በደንቡ ይጻፍ፤ አለበለዚያ ማሩ ሲበዛ መሬቱ የእኛ ነው፣ የእኛ ነው የሚል ክርክር ይነሣል።

ማገዶ ሳይታሰብ የሚከለል ቦታ በሌሊት ይቆረጣል። በዓመት አንድ ጊዜ የደረቀ እንጨት የሚለቀምበት ቀን ይመደብ፤ ማገዶን እስከ ግማሽ የሚቆጥበውን የእንጀራ ምድጃ መሥራትም ከተከለለው ቦታ ሥራ ጋር አብሮ ይታቀድ። ኩበት ከምድጃ ተርፎ ወደ ማሳ ሲመለስ ጥቅሙ በሰብሉ ላይ ይታያል።

መዝገብና የሦስተኛው ዓመት ስብሰባ

ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አንድ ወፍራም ደብተር ይያዝ። የታጨደው ሸክም በየስሙ፣ የተቀጣው ሰውና የተከፈለው ገንዘብ፣ የፈረሰ ካብና የተጠገነበት ቀን ይመዝገብ፤ ከአንድ የታወቀ ድንጋይ ላይ ሆኖ በየሰኔውና በየጥቅምቱ አንድ ፎቶግራፍ ይነሣ። በሦስተኛው ዓመት የተጠቃሚዎች ዝርዝር ይታደስ፤ ያገቡ ወጣቶች ይግቡ፣ የሞቱት ድርሻ ለማን እንደሚያልፍ ይወሰን። ለዚህ ስብሰባ ከምስክርነት ይልቅ ቁጥር ይረዳል።

ከቁጥሮቹ ሁሉ ሰው በቶሎ የሚያምነው የምንጩን ነው። በየዓመቱ በመጋቢት መጨረሻ፣ በጋው ሲጠና፣ ከተዳፋቱ ሥር ባለው ምንጭ 20 ሊትር ጀሪካን ይቀመጥና ለመሙላት የሚፈጅበት ጊዜ ይለካ። ልኬቱ ውሃ የሚቀዱት ሴቶች ባሉበት፣ ማለዳ፣ ሌላ ሰው ሳይቀዳ ይደረግ፤ በደብተሩም ላይ ቀኑ፣ ደቂቃውና የለካው ሰው ስም ይጻፍ።